ነፋሱ ሲፈቅድ፦ በቀይ ባሕር ጠረፍ ከመርሳ ወደ መርሳ



ከክርስቶስ ልደት በፊት በ275 ገደማ የግብፅ ንጉሥ ዳግማዊ ጰጥሎሜዎስ በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ አንድ ወደብ ቆረቆረ፤ በእናቱም ስም በረኒቄ አለው። ቦታው ዛሬ ራስ ባናስ ከሚባለው፣ ወደ ባሕር ከገባው ሾጣጣ ምድር ሥር ነው። ዙሪያው ደረቅ በረሃ ሆኖ እህል አይበቅልበትም፣ ከዓባይ ጋር የሚያገናኘው የግመል መንገድም አሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል። ካርታ ዘርግቶ ለሚመለከት ሰው ውሳኔው ግራ ያጋባል። ባሕሩ እኮ ከዚያ ወዲያ ወደ ሰሜን ሌላ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል! ሸቀጡን እስከ ስዊዝ በመርከብ ማድረስ እየተቻለ ስለምን በረሃ ላይ ይራገፋል?

ጥንታዊው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦን መልሱን ትቶልናል፤ ቀይ ባሕር፣ በተለይም የላይኛው ጫፉ፣ ለመርከብ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። አስቸጋሪ ያደረገው ደግሞ ነፋሱ ነው። ነጋዴው ከሰሜን ነፋስ ጋር ለሳምንታት ከሚታገል ይልቅ አሥራ ሁለት ቀን በግመል መሄድ ይሻለው ነበር። የዛሬው ንግግር መነሻም ይኸው ነው። በቀይ ባሕር ላይ የወደብን ቦታ በመጀመሪያ የሚመርጠው ነፋስ ነው፤ ንጉሡ፣ ነጋዴውና መሐንዲሱ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀይ ባሕር ከባብ ኤል መንደብ እስከ ስዊዝ ርዝመቱ 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እጅግ በሚሰፋበት ቦታ እንኳ ስፋቱ ከ350 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሁለቱንም ዳር ተራራ አጥሮታል፤ በአፍሪካ በኩል ከኤርትራ ደጋ እስከ ግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ፣ በዓረብ በኩል ከየመን ተራሮች እስከ ሒጃዝ። ነፋሱ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ እንደገባ ሰው ነው፤ ወደፊት ወይም ወደኋላ እንጂ ወደ ጎን መውጫ የለውም።

ከ20ኛው ዲግሪ በስተሰሜን፣ ማለትም ከፖርት ሱዳን ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። ደቡቡ ግን ወቅት አለው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ የሚመጣው የሞንሱን ነፋስ በባብ ኤል መንደብ በር ሲገባ አቅጣጫውን ይቀይርና የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይሆናል። ወደ ሰሜን የሚሄደውን ጀልባም ከኋላ እየገፋ እስከ ምጽዋ፣ አንዳንዴም እስከ ሱዳኑ ወደብ እስከ ሱዋኪን ያደርሰዋል። እኛ ክረምት በምንለው ወራት ደግሞ ደቡቡም ለሰሜኑ ነፋስ ይገብራል። ያን ጊዜ ከስዊዝ እስከ ባብ ኤል መንደብ ድረስ ነፋሱ አንድ ነው።

በበጋው ሁለቱ ነፋሶች የሚገናኙት በ18ኛውና በ20ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ሸራው ይረግባል፣ ሰማዩ ይዳምናል፣ አንዳንዴም ያካፋል። ከየመን በኩል በጥሩ ነፋስ ሲገሰግስ የመጣ መርከበኛ እዚህ ሲደርስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ፀጥ ባለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀውን ካወቀ ግን ፀጥታው ደስ አያሰኘውም።

የሚጠብቀው ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ነው። ባለሸራ ጀልባ ነፋስን ፊት ለፊት ወግቶ መሄድ አይችልም፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እየታጠፈ፣ ጠመዝማዛ መንገድ እየሠራ ይወጣል። ካርታው ላይ 50 ኪሎ ሜትር የሆነው ርቀት በዚህ አካሄድ ከ70 በላይ ይሆናል። የቀይ ባሕር ሞገድ ደግሞ አጭርና ቀጥ ብሎ የሚነሳ ስለሆነ ጀልባውን በየደቂቃው ያንገጫግጨዋል፣ ፍጥነቱንም ይበላል። ሞተር ያለውም ቢሆን ከባድ ነፋስ ሲገጥመው ነዳጅ ያቃጥላል እንጂ እምብዛም አይራመድም። በዚህ ባሕር ላይ ወደ ሰሜን የሚጓዙ ሁሉ፣ ጥንትም ዛሬም፣ የደረሱበት መላ አንድ ነው፤ ነፋሱ ሲደክም መውጣት፣ ሲበረታ መደበቅ።

መደበቂያውን የጠረፉ ሰዎች መርሳ ይሉታል። መርሳ የኮራል ድንጋይ ባጠረው ዳርቻ ውስጥ እንደ ጣት የሚገባ ጠባብ የባሕር ክንድ ነው። የተሠራውም በጥንት ጎርፍ ነው። በበረዶ ዘመን የባሕሩ ወለል ዛሬ ካለበት ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ሳለ ከተራራ የሚወርዱት ጅረቶች የኮራሉን ሜዳ እየሰነጠቁ ሸለቆ ቆፈሩ። ባሕሩ ተመልሶ ሲሞላ ሸለቆዎቹ ሰጠሙ። ኮራል ጨዋማና ጥርት ያለ ውሃ ይወዳል፤ ጎርፍ የሚያመጣው ደለልና ጨው አልባ ውሃ አይስማማውም። ስለዚህ የጅረቱ አፍ ክፍት ሆኖ ቀረ። የዛሬው መርከበኛ የሚያድርባቸው እንደ ሖር ሺናብና መርሳ ፊጃብ ያሉ የሱዳን ጠረፍ ማረፊያዎች የዚያ የጥንት ጎርፍ ሥራ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ግን በረሃውና ባሕሩ አንድ ይመስላሉ፤ በሩ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው በአጠገቡ አልፎ ይሄዳል።

ወደ መርሳው መግባት የራሱ ሰዓት አለው። ይህ ሰዓት ከነፋሱም ከፀሐዩም ጋር የተስማማ መሆኑ ያስደንቃል። ሌሊት ምድሩ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ይለዝባል፤ ቀን ምድሩ ሲግል ደግሞ ከባሕር የሚመጣው አየር በሰሜኑ ነፋስ ላይ ተጨምሮ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ስለዚህ ልምድ ያለው መርከበኛ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መልሕቁን ያነሳል፣ ረፋድ አራት ወይም አምስት ሰዓት ላይ ወደሚቀጥለው መርሳ ይደርሳል። በሰዓት አምስት የባሕር ማይል ለሚጓዝ ጀልባ ይህ ከ30 እስከ 35 የባሕር ማይል፣ ማለትም 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የፀሐዩ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። በአፍሪካው ዳርቻ ያሉት መርሳዎች የሚገቡት ወደ ምዕራብ ዞሮ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ከጀርባ ስለምትሆን ውሃው እስከ ወለሉ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ግን ፊት ለፊት ስታበራ ባሕሩ እንደ ብርጭቆ ያንጸባርቃል፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ሁሉ ይሰወራል።

ሲታይ የሚነበበው ቀለሙ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ጥልቅ ነው። ወደ አረንጓዴ የሚያደላው አሸዋ ያለበት፣ መልሕቅ የሚጣልበት ውሃ ነው። ቡናማና ቢጫ የኮራል ራስ ነው፤ እዚያ ላይ የሄደ ጀልባ ሆዱ ይቀደዳል። ስለዚህ በመግቢያው ላይ አንድ ሰው ከፊት ለፊት፣ ከተቻለም ምሰሶው ላይ ወጥቶ ቁልቁል እያየ በእጁ ምልክት ይመራል። በ1183 ከአፍሪካው ዳርቻ ወደብ ከአይዛብ ወደ ጅዳ የተሻገረው የአንዳሉስ ተጓዥ ኢብን ጁበይር፣ ያለ ምስማር በኮኮናት ገመድ የተሰፉትንና በዘንባባ ምንጣፍ ሸራ የሚሄዱትን ጀልባዎች በመጠኑም ቢሆን ይፈራቸው ነበር። የጀልባ ባለቤቶቹንም ወደ መካ የሚሄዱትን ሐጃጆች እንደ ዶሮ ስለሚያጭቁ አጥብቆ ይነቅፋቸዋል። መሪዎቹን ግን ያመሰግናቸዋል። በኮራሉ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ሲያልፉ ያሳዩት ጥበብ እንዳስገረመው ጽፏል። ጠንቃቃና ነቃፊ ሰው ስለነበር ምስጋናው ይታመናል።

ገብቶ ማደርም ሙያ ነው። በአሥር ሜትር ጥልቀት ላይ ቢያንስ 50 ሜትር ሰንሰለት ይለቀቃል፤ ነፋሱ ከበረታ እስከ 70። ሰንሰለቱ አሸዋው ላይ ተኝቶ መጎተት አለበት እንጂ መልሕቁን ወደ ላይ መንቀል የለበትም። በኮራል መካከል ከተጠመጠመ ደግሞ ጠዋት የሚያወጣው ጠላቂ ብቻ ነው። የኮራሉ አጥር ሞገዱን ይሰብራል፣ ነፋሱን ግን አያስቆምም፤ ሌሊቱን ሙሉ ገመዱ ሲያፏጭ ያድራል፣ ውሃው ግን ዝም ብሎ ይተኛል። ለለመደው ይህ ጥሩ እንቅልፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ማንሳት ይገባል። ፖርት ሱዳን አካባቢ የባሕሩ የዕለት ሙላትና ጉድለት የለም ማለት ይቻላል፤ በሁለቱ ጫፎች እንጂ በመካከሉ ውሃው በቀን ውስጥ እምብዛም ከፍ ዝቅ አይልም። ወቅቱ ግን ይለውጠዋል። በበጋ ከፍ ብሎ የነበረው ወለል በክረምት በግማሽ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በጥር በላዩ የታለፈበት ድንጋይ በሐምሌ ጀልባ ሊያስቆም ይችላል።

አሁን ወደ ትንበያው። ዛሬ የመዝናኛ ጀልባ ያለው ሁሉ በሳተላይት የነፋስ ካርታ ይቀበላል፤ ብዙዎችም ካርታው ላይ ያለውን ቀስት እንደ መሐላ ያምኑታል። እምነቱ ያለ ቦታው ነው። በነጻ ከሚገኙት የትንበያ ሞዴሎች አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ዓለምን ጎናቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ያሰላል። በእንዲህ ያለ ስሌት ውስጥ የተራራው ጫፍና በተራሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ይጠፋሉ። የቀይ ባሕር ነፋስ ደግሞ የሚሠራው በእነዚህ ነው። ስለዚህ ትንበያው 15 ኖት (በሰዓት 15 የባሕር ማይል) ካለ መርከበኛው 20 ወይም 25 ብሎ ይዘጋጃል።

ከክፍተቶቹ ታዋቂው በሱዳን ጠረፍ የሚገኘው የቶካር ክፍተት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ጠዋት ከምድር የሚወጣ ብርቱ ነፋስ በዚያ ሾልኮ የበረሃውን አቧራ ባሕሩ ላይ ያፈሳል። አቧራው ሲመጣ መሬቱም፣ የመብራት ማማውም፣ ፊት ለፊት ያለው መርከብም አብረው ይጠፋሉ።

ለሰሜን ተጓዥ ተስፋ የሚሆነው ምልክት የሚመጣው ከሜዲትራኒያን ነው። በጸደይ ወራት ዝቅተኛ የአየር ግፊት ከሰሜን አፍሪካ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ሲያልፍ፣ ከፊቱ የሰሜኑን ነፋስ ያደክመዋል፣ አንዳንዴም ወደ ደቡብ ነፋስ ይለውጠዋል። ይህ ዕድል አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ይቆያል። ካለፈ በኋላ ሰሜኑ በበቀል ይመለሳል። በመርሳው ውስጥ ሳምንት የተቀመጠው መርከበኛ በዚያች ቀን ሳይተኛ እየነዳ 100 ወይም 150 የባሕር ማይል ይጓዛል፤ ከዚያ እንደገና ይደበቃል።

እንግዲህ የዚህ ጉዞ ትልቁ ችሎታ መጠበቅ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት እዚህ የሚሠራው ያለ ምንም ማጋነን ነው። በዚህ ጠረፍ ችግር ላይ ከወደቁት ጀልባዎች ብዙዎቹ ያለ ሰዓታቸው የወጡ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ለመግባት የሞከሩ ናቸው። በተወሰነ ቀን ስዊዝ መድረስ ያለበት ሰው፣ የአውሮፕላን ትኬት የቆረጠ እንግዳ የጫነ ሰው፣ ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው እሱ ነው።

የጥንት ሰዎችም ይህንን በዋጋ ተምረዋል። በረኒቄን የሠሩት ጰጥሎሜዎሶች ለጦርነት የሚሆን ዝሆን ከዛሬው የሱዳንና የኤርትራ ጠረፍ እያደኑ በመርከብ ወደ ሰሜን ያመላልሱ ነበር። ለዚሁም ጰጥሎማይስ የምትባል የአደን ወደብ አቋቁመዋል። የታሪክ ጸሐፊው ዲዮዶሮስ የነዚህን መርከቦች መከራ ይተርካል። ዝሆን ስለሚከብድ መርከቡ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ይሄዳል፤ ሌሊትም በሸራ ስለሚሄድ ጥልቀት በሌለው ቦታ ላይ ወጥቶ ይቀራል። ሠራተኞቹም በበረሃው ዳርቻ ስንቃቸው አልቆ ያልቃሉ። ከባድ ጭነት፣ የሌሊት ጉዞ፣ የማይታይ ድንጋይ፤ ዛሬም የአደጋ ምርመራ ሪፖርት ቢጻፍ እነዚህኑ ሦስት ምክንያቶች ይጠቅስ ነበር።

ነፋስና ድንጋይ ብቻ ግን አይደሉም። ሦስተኛ ነገር አለ፤ እሱም በዳርቻው ላይ ያለው ሰው ነው። ይህን ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው የጥንቱ የአክሱም ወደብ የአዱሊስ ታሪክ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንድ ስሙ ያልታወቀ የግብፅ ግሪካዊ ነጋዴ የኤርትራ ባሕር ጉዞ መመሪያ ጻፈ። የአክሱምን ከተማና ንጉሥ ዞስካሌስን የሚያነሳው ይኸው መጽሐፍ ነው፤ እኛ የምናስታውሰውም በዚህ ነው። መጽሐፉ ግን በመሠረቱ የማረፊያ ቦታ መመሪያ ነው። ስለ አዱሊስ የሚለውን ልብ ይሏል፤ መርከቦች ቀድሞ የሚያርፉት በዙላ ባሕረ ሰላጤ ውስጠኛ ጫፍ፣ ከመሬት በእግር በሚደረስባት የዲዮዶሮስ ደሴት አጠገብ ነበር። የዳርቻው ሰዎች በእግራቸው እየተሻገሩ ስላጠቋቸው ግን መርከቦቹ ሸሽተው ኦሬይኔ በምትባል ደሴት ማረፍ ጀመሩ። ኦሬይኔ ከባሕረ ሰላጤው ጫፍ 200 ስታዲያ፣ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ተመራማሪዎች የዛሬዋ ዲሴ ደሴት ናት ይላሉ። ነጋዴው ከወደቡ መራቅን የመረጠው ነፋሱ አስገድዶት አይደለም፤ እንቅልፉን ለማግኘት ነው።

ይኸው ጸሐፊ ስለ ወቅትም ይመክራል። ከግብፅ ወደነዚህ ወደቦች ከጥር እስከ መስከረም መሄድ ይቻላል፤ ደጉ ጊዜ ግን መስከረም ነው ይላል። ነገሩ ግልጽ ነው። በመስከረም የሰሜኑ ነፋስ ገና እስከ ደቡብ ይዘልቃል፤ የደቡብ ምሥራቁ ደግሞ አልተነሳም። ሁለት ሺህ ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬም ወደ ደቡብ ለሚወርድ ጀልባ ከዚህ የሚሻል ምክር የለም።

ከ1,500 ዓመት ገደማ በኋላ በዚያው ውሃ ላይ ያለፈው ሰው ለኢትዮጵያ ታሪክ ቅርብ ነው፤ ቢሆንም እምብዛም አናነሳውም። በ1541 የካቲት የፖርቱጋሉ የሕንድ ገዥ እስቴቫዎ ዳ ጋማ መርከቦቹን ይዞ ምጽዋ ደረሰ። ዓላማው ስዊዝ ያለውን የኦቶማን መርከብ ኃይል ማቃጠል ነበር። ከመኮንኖቹ አንዱ ዡዋዎ ደ ካስትሮ ይባላል። ጓደኞቹ ስለ ጦርነት ሲያስቡ እሱ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። በየማረፊያው የፀሐይን ከፍታ ይለካል፣ የውሃውን ጥልቀት ያስመዘናል፣ የመግቢያውን ቅርጽ ይሥላል። ምጽዋን፣ ሱዋኪንንና በሱዳን ጠረፍ ያሉትን መርሳዎች ከነኮራላቸው የሣለበት መጽሐፍ እስከ ዛሬ አለ።

ትላልቆቹ መርከቦች ወደ ኋላ ቀሩ። ቀለል ያሉት ባለመቅዘፊያዎች ብቻ በየመርሳው እያደሩ ወደ ሰሜን ቀጠሉ። ከሱዋኪን እስከ ስዊዝ ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጀባቸው። ስዊዝ ሲደርሱ የኦቶማን ጦር ነቅቶ ጠበቃቸው፤ ምንም ሳያደርጉ ተመለሱ። ሲመለሱ ነፋሱ ከኋላቸው ስለነበር ከስዊዝ እስከ ምጽዋ ድረስ አራት ሳምንት አልሞላቸውም። መንገዱ የረዘመ፣ ጊዜው ያጠረ! ዘመቻውን ያከሸፈው የኦቶማን መድፍ ብቻ አልነበረም። የሰሜኑ ነፋስ ስድስት ሳምንት ሲያዘገያቸው ወሬያቸው ቀድሟቸው ደርሷል።

ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ዓመት ሐምሌ የገዥው ወንድም ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ከምጽዋ ተነስቶ ወደ ደጋው ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት በግራኝ አሕመድ እጅ ተገደለ፤ የተረፉት ጓደኞቹ በ1543 ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ወይና ደጋ ላይ ተሰለፉ። በትምህርት ቤት የምንማረው ይህንን ነው። የካስትሮን የባሕር መጽሐፍ ግን ማንም አይነግረንም። ከመጽሐፉ ደስ የሚለው ክፍል ባሕሩ ለምን ቀይ እንደተባለ የመረመረበት ነው። ውሃውን በዕቃ ቀድቶ ተመለከተ፤ እንደማንኛውም ባሕር የጠራ ነው። ቀላ ብሎ በሚታይበት ቦታ ጠላቂ ሰደደ፤ ጠላቂውም ከወለሉ ቀይ ኮራል ይዞ ወጣ። ትክክል ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው፤ ወሬ ከመድገም ይልቅ ጠላቂ መላኩ ግን ያስከብረዋል።

ከሱ በኋላ ባሕሩን በጥንቃቄ የለኩት እንግሊዞች ናቸው። ከ1829 ጀምሮ ፓሊኑረስና ቤናሬስ የተባሉ ሁለት መርከቦች በካፒቴን ሞርስቢና በካፒቴን ኤልዎን እየተመሩ ለዓመታት ጥልቀቱን በገመድ መዘኑ። ለቦምቤይና ለስዊዝ የእንፋሎት መርከብ መንገድ ይፈለግ ነበር። ቤናሬስ በሥራው ላይ ሳለች ኮራሉ ላይ ደጋግማ ወጥታለች። የዛሬው ካርታ ብዙ ቦታ ላይ አሁንም በዚያ ሥራ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ የሳተላይት መሣሪያ ጀልባዋ የት እንዳለች በጥቂት ሜትር ስሕተት ሲናገር፣ ካርታው ላይ ያለው ድንጋይ ግን ከእውነተኛ ቦታው ብዙ መቶ ሜትር ርቆ ሊገኝ ይችላል። መሣሪያውን አምኖ ሌሊት የሚገባ ሰው መሬት ላይ ሲሄድ ራሱን በመሣሪያው ማሳያ ላይ ያየዋል። አንዳንዴ ደግሞ መሬቱ ራሱ ይለወጣል፤ ከየመን ጠረፍ ራቅ ብለው ባሉት የዙበይር ደሴቶች በ2011 እና በ2013 ሁለት አዳዲስ ደሴቶች ከእሳተ ገሞራ ተወልደዋል።

ድንጋዩን ለጥቅሙ ያዋለውም አለ። በ1911 ጅቡቲ የመጣውና በኋላ ድሬዳዋና ሐረር የኖረው ፈረንሳዊው ሄንሪ ደ ሞንፍሬይ ዕንቁ፣ ጠመንጃና ሐሺሽ ሳምቡክ በሚባል ባለሸራ ጀልባ ያመላልስ ነበር። የመንግሥት መርከብ ሲያባርረው በኮራሎቹ መካከል ጥልቀት ወደሌለው ውሃ ይገባል፤ ትልቁ መርከብ እዚያ አይከተለውም። መጽሐፎቹ ውስጥ ራሱን ማጋነን ይወዳል። ውሃውን ግን ያውቀዋል፤ ያሳወቁት ደግሞ አብረውት የሠሩት የሶማሌና የአፋር ባሕረኞች ናቸው፤ የመጽሐፎቹ ሽፋን ላይ ግን ስማቸው የለም።

በቅርብ ዓመታት ይህ የባሕር መንገድ ፀጥ ብሏል። ቀድሞ በየዓመቱ በየካቲትና በመጋቢት ከጅቡቲ የሚነሱ የመዝናኛ ጀልባዎች በምጽዋ፣ በሱዋኪንና በሱዳን መርሳዎች እያደሩ ወደ ስዊዝ ይወጡ ነበር። በ2023 ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ጀመረ። በዚያው ዓመት ኅዳር የየመን ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ማረኩ፤ ከዚያም በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃቱ ቀጠለ። ነፋሱ አልተለወጠም፤ መርሳዎቹም በቦታቸው አሉ። አዱሊስ ላይ መርከቦቹን ወደ ኦሬይኔ ያሸሸው ሦስተኛው ነገር ግን ተመልሶ መጥቷል።

በአገራችን ስለ ባሕር በር የሚደረገው ክርክር ሞቅ ያለ ነው። የሚነሳው ስለ ወሰን፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ሕግ ነው። ስለ ባሕሩ ስለራሱ የሚያወራ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ነፋሱ መቼ እንደሚዞር፣ መርከብ በየትኛው ወር የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ ከዚያም ያነሰ ነው። ያለ ዕውቀት የሚደረግ ክርክር ደግሞ ካርታ ላይ ጣት ከማስቀመጥ አያልፍም። ዕውቀቱ ግን በእጃችን ነበር። ባሕር ኃይላችን በ1955 ሲመሠረት መደቡ ምጽዋ ነበር፤ በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው “ኢትዮጵያ” የተባለችው መርከብም መነሻዋ እዚያው ነበር። በዚያ ያገለገሉት መኮንኖችና ባሕረኞች የዳህላክን ደሴቶች መግቢያ፣ የዙላን ባሕረ ሰላጤ ወለል፣ የሰሜኑን ነፋስ ሰዓት በዓይናቸው ያውቁታል። ከነሱ ብዙዎቹ ዛሬ ዕድሜያቸው ከሰባ ተሻግሯል፤ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ፣ ሌሎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ይኖራሉ።

በመካከላችሁ እንዲህ ያለ አባት ወይም አጎት ያለው ሰው ካለ፣ እባካችሁ ቴፕ ሪኮርደር ይዛችሁ ቁጭ በሉ፤ ስለ ጦርነቱ ብቻ ሳይሆን ስለ መልሕቁም ጠይቁት። በቢሾፍቱ ባቦጋያ ለዓለም መርከቦች የሚሠለጥኑ ወጣቶች አሉን፤ የሚነገረው ተጽፎ ቢደርሳቸው የሚጠቀሙበት እነሱ ናቸው።